የጠሃ ጉልበትና ሁለቱ ብልቃጦች

ጠሃ ኑርዬ የፕላስቲክ ወንበሩን ያመጣለትን ጎረቤቱን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ይቅር አላለውም። ሰውዬው ክፉ አላሰበም። አንድ ጁምዓ ጠሃ ከሱጁድ ስግደት ለመነሳት ሁለት እጁን መሬት ላይ ተክሎ ሲታገል አይቶት ኖሮ፣ በሳምንቱ ነጭ ወንበር ይዞ መጣና ከመስጊዱ ሰልፍ ዳር አስቀመጠለት።

«አብሽር፣ ተቀምጠህ ስገድ። ዲኑ ገር ነው» አለው።

ጠሃ ተቀመጠ፤ ሰገደም። ቤቱ እንደገባ ግን ለሚስቱ ለፈዲላ፣ «ዛሬ በይፋ አስረጁኝ» አላት፤ ምሳም አልበላ።

ያኔ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ዓመት ክትባት ሠራተኛ ሆኖ አሳልፏል። ቤቱ ሐይቅ ከተማ ይሁን እንጂ ዕድሜው ያለቀው አምባሰል ዳገት ላይ ነው። የክትባት ሳጥኑን በትከሻው አንግቶ፣ በውስጡ ያለው በረዶ ሳይቀልጥ ለመድረስ አቀበቱን በጥድፊያ ወጥቷል፤ ሲመሽበት ቁልቁለቱን በሩጫ ወርዷል። ውጫሌ ገበያ ላይ ዛሬም «ጠሃ መርፌ» ብለው የሚጠሩት እናቶች አሉ። «መርፌው ልጄን ይገድልብኛል» ብላ በሯን በዘጋችበት ሴት ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የተከተበው መንደርና ያልተከተበው መንደር ኩፍኝ ሲገባ ምን ምን እንደሆኑ በቁጥር እየነገረ፣ በሩን እስክትከፍት የሚጠብቅ ሰው ነበር። በቁጥር ያምናል። የማያምነው «እንትና እንዲህ አለ» በሚባል ወሬ ነው።

ጉልበቱ መጀመሪያ የታመመው ቁልቁለት ላይ ነው። ቀኙ ነበር፤ ኋላ ግራውም ተከተለ። ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ እንደ ደረቀ ማጠፊያ አልታጠፍ ይለዋል። ትንሽ ሲንቀሳቀስበት ይለቀዋል፤ ጥቂት ቆሞ ከዋለ ደግሞ ማታ ያብጣል። ሲቀመጥና ሲነሳ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ፈዲላ ከማጀት ትሰማለች።

ጉልበቱን ያየ ሁሉ ሐኪም ሆነበት። አንዱ ጥቁር አዝሙድ በማር አለው። አንዷ እርድ በወተት አለችው። የአሣ ራስ ቀቅለህ መረቁን ጠጣ ያሉትም ነበሩ፤ ይህንኛውን ሐይቅ ዳር ስለሚኖር አንድ ወር ሞከረው። ያተረፈው የአምባዛ መረቅ ሽታ ሲመጣ ፊቱን ማዞር ብቻ ነው። በመጨረሻ ፈዲላ፣ «ሰው ሁሉ እስኪሞክርብህ ከምትጠብቅ ደሴ ሂድና ታይ» ብላ ሚኒባስ ላይ አሳፈረችው።

ደሴ ያየው ሐኪም ወጣት ነበር። ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አሳየው።

«አባቴ፣ ይሄ ሪህ አይደለም። በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ልም አጥንት አለ። እሱ ነው የሳሳው።»

«ይመለሳል?»

«የሳሳው አይመለስም። ሕመሙን ግን መቀነስ ይቻላል። ጭንዎን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይሠራሉ፣ ክብደት ትንሽ ይቀንሳሉ፣ በጣም ሲብስብዎ ማስታገሻ አዝልዎታለሁ።»

ጠሃ ከኮቱ ኪስ አንድ ነጭ ብልቃጥ አወጣ። ጂዳ የምትሠራው ልጁ ሰሚሃ የላከችለት ነው፤ ለጉልበት የሚሆን ግሉኮሳሚን የሚባል ተጨማሪ ምግብ። የእንክብሉ ሽፋን ከከብት ቆዳ መሠራቱን፣ ሐላል መሆኑንም ጽሑፉ ላይ አይቶ አረጋግጧል።

«ይሄስ ይሠራል?» አለው።

ሐኪሙ ብልቃጡን አገላብጦ አየው። «ሕመም ትንሽ ይቀንሳል የሚሉ ጥናቶች አሉ። ከባዶ ኪኒን አይለይም የሚሉም አሉ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«ብዙ ሰው ላይ የከፋ ጉዳት አያመጣም። ከፈለጉ ሁለት ሦስት ወር ይሞክሩትና ለውጥ ካላዩ ይተዉት።»

ጠሃ ደሙ ፈላ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሠላሳ አንድ ዓመት ከትቤያለሁ። አንዲት እናት ይሠራል ወይ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ይሠራል የሚሉ አሉ፣ አይሠራም የሚሉም አሉ ብላት ኖሮ አንድ ልጅ አልከትብም ነበር።»

«ክትባት ሌላ ነው አባቴ። እሱ ያለቀለት ነገር ነው። ይሄ ገና ክርክር ላይ ነው።»

የእንቅስቃሴው ሥዕል ያለበትን ወረቀት ሰጥቶ አሰናበተው። ጠሃ ወረቀቱን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሐይቅ ተመለሰ። እሱ የፈለገው አንድ ቃል ነበር፤ አዎ ወይም አይ።

እንክብሉን ግን ወሰደው። ሰሚሃ ጁምዓ ጁምዓ ትደውላለች። «አባ፣ ተሻለህ?» ትለዋለች፤ ከሰላምታ በፊት። ለምዶበት «አልሐምዱሊላህ» ይላታል፤ እሷም ተሽሎታል ብላ ትደሰታለች። ሁለት ወር ሞላው። ተሽሎት ይሁን አይሁን ራሱም አያውቅም። ሰኞ ደህና ሆኖ ይውላል፤ ማክሰኞ ከአልጋው ወርዶ ደጅ ለመድረስ ግድግዳ ይይዛል። በጎውን ቀን ለእንክብሉ ቢሰጥ፣ ክፉውን ቀን ለማን ይስጥ?

ይሄ ሁሉ ሳይበቃ ፈንታሁን መጣ።

ፈንታሁን ጡረታ የወጣ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። ከጠሃ ጋር ወዳጅነታቸው ከወጣትነት ይጀምራል፤ ገጠር ሲያስተምር ጠሃ ለክትባት በሄደ ቁጥር የሚያድረው እሱ ቤት ነበር። እሱም ጉልበቱን ያመዋል። ጠሃ አዝኖለት ከሰሚሃ ብልቃጦች አንዱን ሰጥቶት ነበርና፣ በሦስተኛው ሳምንት ፈንታሁን ከዘራውን ቤቱ ትቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ጠሃ ደጅ ላይ ቆመ።

«ጠሃ፣ ድኛለሁ!»

«በሦስት ሳምንት?»

«በሦስት ሳምንት! ትናንት ገበያ ሄጄ ስመለስ አንድ ቦታ አላረፍኩም። እግዜር ይስጣት ሰሚሃን።»

ፈንታሁን መዳኑን ለራሱ ብቻ አልያዘውም። መናኸሪያው፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ያገኘውን ሁሉ ስለ እንክብሉ ይሰብካል። በወር ጊዜ ውስጥ ጠሃን መንገድ ላይ እያስቆሙ «እባክህ ለሰሚሃ ንገርልኝ» የሚሉት ሰዎች በዙ። ሰሚሃም እሺ ማለት ጀመረች፤ ሰው ወደ አገር ሲመጣ እየለመነች ትልካለች። ጠሃ ተናደደ። ልጁ ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት ስትሠራ የምትውል ናት። ይሠራ አይሠራ ባልታወቀ ነገር የከተማው ጉልበት ሁሉ ትከሻዋ ላይ ሊጫን ነው? ይሠራል ከተባለስ፣ እሱ ላይ ለምን እምቢ አለ?

ሔለን ጋ የሄደው ያኔ ነው። ሔለን መድኃኒት ቤት ያላት የፋርማሲ ባለሙያ ናት፤ አምባሰል ገጠር ተወልዳ ሕፃን ሳለች የከተባት ራሱ ጠሃ ነው። እናቷ ይህን ሳትጠቅስለት የቀረችበት ቀን የለም።

«ብልቃጡን ሁለት ዓይነት አድርጊልኝ» አላት። «በአንዱ ውስጥ እንክብሉ እንዳለ ይሁን። በሌላው ውስጥ ያሉትን ክፈቺና መድኃኒቱን ደፍተሽ የገብስ ዱቄት ሙዪባቸው። አንዱን ሀ፣ አንዱን ለ በይው። እኔም ፈንታሁንም የትኛው የትኛው እንደሆነ አናውቅም። መጀመሪያ ስምንት ሳምንት ሀን፣ ከዚያ ስምንት ሳምንት ለን እንወስዳለን። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሔለን ሳቀች፤ ከዚያ የእውነቱን እንደሆነ ስታይ ሳቋን አቆመች። «ጋሼ ጠሃ፣ ሁለት ሰው እኮ ምንም አያሳይም። ጥናት የሚሠሩት በብዙ መቶ ሰው ላይ ነው።»

«መቶ ሰው ከየት ላምጣ? ያለኝ ሁለት ሽማግሌ ነው።»

«ጋሽ ፈንታሁን ዱቄት እንደሚኖርበት ያውቃሉ?»

«እነግረዋለሁ። ሳይስማማ አልጀምርም።»

ፈንታሁን ሳያቅማማ ተስማማ፤ እርግጠኛ ነበራ። «ዱቄቱን በሦስት ቀን ነው የምለይልህ» አለ። «ግን ሁዳዴ ላይ አልጀምርም። ሽፋኑ የከብት ነው ብለኸኛል።» ስለዚህ ከዳግማ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሁለቱም ከቁርስ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሁለት እንክብሎች ዋጡ።

ጠሃ ደብተር ገዛ። በየቀኑ ከቤቱ እስከ መናኸሪያው በእግሩ ይሄድና ሲደርስ ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ይመዘግባል። ፈንታሁንም የራሱን ይመዘግባል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተገናኝተው የፈንታሁን ቁጥር ወደ ጠሃ ደብተር ይገለበጣል። የፈንታሁን ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ማማር ጀመረ። አምስት፣ አራት፣ ሦስት። የጠሃ ስድስት፣ አምስት፣ ስድስት፣ አምስት እያለ ከረመ።

ግንቦት ላይ ፈንታሁን ከሐይቅ ከተማ ተነስቶ እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ አስቀድሶ፣ በእግሩ ተመለሰ። ይህን ካደረገ አራት ዓመት አልፎታል። ማታውን መጥቶ ሲተርክ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ይሄ ዱቄት ከሆነ ስሜን ቀይረኝ» አለ።

ጠሃ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ያኔ የተሰማው ግን ቅናት ነው፤ ይህን ኋላ ለፈዲላ ሳይደብቅ ነግሯታል። አንድ ብልቃጥ፣ አንድ ዕድሜ፣ አንድ ዓይነት ጉልበት፤ እሱ ገዳም ደርሶ ይመለሳል፣ እኔ መናኸሪያ ስደርስ ስድስት እጽፋለሁ ብሎ ተብከነከነ።

ጾመ ሐዋርያት ሲገባ ሌላ ጣጣ ተነሳ። ፈንታሁን የነፍስ አባቱን ጠየቀ፤ «ለሕመም ከሆነ ውሰድ» አሉት። ግን ተነጫንጮ መጣ። «መድኃኒት ነው ብዬ ነገርኳቸው። መድኃኒት መሆኑን በምን አወቅሁ? ዱቄት ከሆነ በጾም የከብት ቆዳ እየበላሁ ነው ማለት ነው። ምን ዓይነት ነገር ውስጥ ነው የከተትከኝ?»

«ከፈለግህ አቁም።»

«ሞቼ ነው የማቆመው!»

በስምንተኛው ሳምንት ማለቂያ ብልቃጥ ለወጡ። ሰኔ አጋማሽ ነበር። ሁለተኛውን በጀመሩ በሳምንቱ ክረምቱ ገባ፤ ያውም እንደ ወትሮው አይደለም፤ ሰማዩ ከአምባሰል ተራራ ላይ ወርዶ ከተማው ላይ የተኛ ይመስል ነበር። ጭቃው ያንሸራትታል፤ ጠሃ መናኸሪያ ለመድረስ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ መቆም ጀመረ። ሰባት ጻፈ። ስምንት ጻፈ። ፈንታሁንም ከሦስት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ስድስት ወጣ፤ ከዘራውንም መልሶ አነሳ። ጠሃ ያኔ ነው የገዛ ስህተቱ የታየው። እንክብሉን ከዱቄት ሊለይ ተነስቶ፣ በጋውን ከክረምት ጋር አደባልቆታል። ክረምትን ሠላሳ አንድ ዓመት በእግሩ የሚያውቅ ሰው ይህን እንዴት ረሳ? ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ፣ «ሞኝ ነኝ! ደደብ ነኝ!» እያለ ቤቱን ሲዞር ፈዲላ ደብተሩን ዘግታ አስቀመጠችለት። ግን ጀምሯልና ጨረሰ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሦስቱ ሔለን መድኃኒት ቤት ጓዳ ተቀመጡ። ሔለን የታሸገ ፖስታ ቀደደች።

«ጋሼ ጠሃ፣ የእርስዎ ሀ መድኃኒቱ ነው። ለ ዱቄቱ።» ወደ ፈንታሁን ተመለከተች። «የጋሽ ፈንታሁንን ግን ሆን ብዬ ገልብጬዋለሁ። ሀ ዱቄቱ ነበር።»

ፈንታሁን መጀመሪያ አልገባውም። «ሀ የቱ ነው? ገዳም የሄድኩበት?»

ሔለን ፖስታውን መልሳ ማጠፍ ያዘች።

«ገዳም የሄድኩበት ወይ ነው የምላችሁ!»

«አዎ» አለው ጠሃ።

«በዱቄት ነው ገዳም ደርሼ የመጣሁት ልትለኝ ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩህም። ክረምቱም አለ። ዝናቡ...»

ፈንታሁን ተነሳ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «መቀለጃ አደረግኸኝ» አለና ከዘራውን ይዞ ወጣ። መጋረጃው ከኋላው ለረጅም ጊዜ ተወዛወዘ።

ጠሃ ወደ ሔለን ዞረ። «የእኔስ? በመድኃኒቱ ጊዜ አንድ ነጥብ ተኩል ይሻላል።»

«በዚያ ጊዜ ዝናብ አልነበረም» አለችው በቀስታ። «ዝናቡም ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱም ሊሆን ይችላል። አይታወቅም ጋሼ።»

ዐሥራ ስድስት ሳምንት ለፍቶ፣ ወዳጁን አስቀይሞ፣ ያገኘው መልስ ደሴ ያለው ሐኪም በሁለት ደቂቃ የነገረው ሆነ።

በዚያው ጁምዓ ሰሚሃ ደወለች። «አባ፣ ተሻለህ?» አለች። ጠሃ «አልሐምዱሊላህ» ማለት አቃተው፤ እውነቱን ነገራት። ጠቅሞኝ እንደሆን አላውቅም፤ ለሰዉ ሁሉ መላክሽን አቁሚ፤ ለእኔም አትላኪ አላት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎት «ሰሚሃ?» አለ።

«ታዲያ ምን ልላክልህ?» አለች፤ ድምፅዋ ተሰብሮ። «እዚያ ሆኜ ጉልበትህን አላሽልህ። ሐኪም ቤት አልወስድህ። በዚህ በኩል ያለኝ ይሄ ነው አባ። እሱንም አይሠራም ትለኛለህ።»

ጠሃ አንዲት እናት በሯን ስትዘጋበት ምን እንደሚል ያውቃል፤ ለዚህ ግን ቁጥር የለውም። ስልኩን ለፈዲላ ሰጥቶ ወጣ።

ያን ሰሞን፣ ከንዴት ብዛት ሳይሆን አይቀርም፣ አራት አጥፎ የረሳውን ወረቀት ፈልጎ አገኘው። ሥዕሉ ቀላል ነው፤ ወንበር ላይ ተቀመጥ፣ እግርህን ቀጥ አድርገህ አንሳ፣ እስከ አምስት ቁጠር፣ አውርድ። እያንዳንዱ እግር ዐሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ይሰለቻል። እንክብል መዋጥ የአንድ ጉንጭ ውኃ ጉዳይ ነው፤ ይሄ ግን በየቀኑ እንደ ቅጣት ይጠብቀዋል። እየተሳደበ ሠራው። ራት መቀነሱንም እየተነጫነጨ ጀመረ። በሁለተኛው ወር መናኸሪያ ድረስ ሳይቆም መሄድ ቻለ፤ ቁጥሩ አምስት፣ አልፎ አልፎ አራት ሆነ። ክረምቱ ደግሞ ወጥቷልና፣ ይህንንም በእርግጠኝነት ለእንቅስቃሴው መስጠት አልቻለም። ይህ ራሱ አናደደው።

ፈንታሁን ሰባት ሳምንት ዘግቶት ከረመ። መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ከዘራው ላይ ተደግፎ መጣ። ቀጥ ብሎ መቀመጥ አቅቶት ነበር።

«ደህና ነበርኩ» አለ፤ ሰላም ሳይል። «ከዚያ ፖስታ በፊት ደህና ነበርኩ። ዱቄትም ይሁን አፈር፣ እሄድ ነበር። አንተ ነህ ያሳመምከኝ። ለምን ነገርከኝ?»

«ራስህ ተስማምተህ...»

«አውቃለሁ ተስማምቼ! ለምን ነገርከኝ ነው የምልህ!»

ጠሃ ወረቀቱን አሳየው፤ እግሩን እያነሳ እንዴት እንደሚሠራም አሳየው። ፈንታሁን ሦስት ጊዜ ሞከረና፣ «ይሄማ ያማል» ብሎ ተወው።

«መጀመሪያ ላይ ያማል። ቀስ በቀስ...»

«የቀረህ እንክብል አለ?»

«አለ። አንድ ያልተከፈተ ብልቃጥ፣ አንድ የተጋመሰ።»

«የተጋመሰው ከሁለቱ የትኛው ነው? መድኃኒቱ ነው ወይስ...» ጠሃ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ፈንታሁን እጁን አነሳ። «ተው፣ አትንገረኝ። ዝም ብለህ ስጠኝ።»

ጠሃ ተነስቶ ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለሰው እየነገረ፣ እያስረዳ፣ እየተከራከረ ኖሯል። የተጋመሰውን ብልቃጥ አምጥቶ ምንም ሳይናገር እጁ ላይ አስቀመጠለት። ፈንታሁን በኮቱ ኪስ ከተተው። ፈዲላ ምሳ እስክታቀርብ ድረስ ሌላ ነገር፣ ዘንድሮ ጤፉ እንዴት እንደያዘ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር የታጠበው መንገድ መቼ እንደሚጠገን፣ ሲያወሩ ቆዩ።